ስለ ዋቢ፣ ስለ ሠንጠረዥና ስለ ግራፍ አዘገጃጀት፤ የኢኮኖሚክስ ጥናት ለሚጽፉ

አንድ የኢኮኖሚክስ ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ «በ2010 የብር የምንዛሪ ዋጋ ዝቅ ተደረገ» ብሎ ቢጽፍ፥ ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ ችግሩ ሁለት ጊዜ እውነት መሆኑ ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2010፥ ይኸውም በእኛ የ2002 ዓ.ም. ነሐሴ ሊገባደድ ሲል፥ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ዳግመኛም በእኛ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፥ ማለት በአውሮፓውያን በ2017፥ በ15 በመቶ ዝቅ አድርጎታል። በሁለቱ መካከል ሰባት ዓመት አለ። ጸሐፊው በልቡ የትኛውን እንዳሰበ ያውቃል፤ አንባቢው ግን ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ይህን ምሳሌ ያስቀደምሁት፥ ብዙ ጊዜ የዋቢ አጻጻፍን፣ የሠንጠረዥ አሠራርንና የግራፍ አሣሣልን፥ ዋናው የአእምሮ ሥራ ካለቀ በኋላ በመጨረሻው ሌሊት እንደሚደረግ ጌጥና ሽልማት አድርገው የሚመለከቱ ጸሐፊዎች ስላሉ ነው። እኔም በወጣትነቴ ከነዚሁ አንዱ ነበርሁ። ነገር ግን ጽሑፍ ከጸሐፊው ከተለየ በኋላ፥ ለሚነሣበት ጥያቄ ሁሉ ራሱ መልስ መስጠት አለበት፤ «ይህ ቁጥር ከወዴት መጣ? በምን ተለካ? በየትኛው ዘመን?» ለሚለው መርማሪ፥ ጸሐፊው በሌለበት ቆመው የሚመልሱለት ዋቢው፣ የሠንጠረዡ ማስታወሻና የግራፉ መግለጫ ናቸው። ስለዚህም ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ወደዚህ አንድ ነገር የሚመለስ ነው።

የሥራው መጀመሪያ ጽሑፉ የሚቀርብበትን ስፍራ ደንብ ማግኘት ነው። የአሜሪካ ኢኮኖሚክስ ማኅበር መጽሔቶች የሺካጎ መመሪያ የተባለውን የ«ጸሐፊና ዓመት» ሥርዐት ይከተላሉ፤ ሌሎች መጽሔቶች ሌላ ሥርዐት አላቸው፤ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍሎችም ብዙ ጊዜ የየራሳቸውን መመሪያ ያወጣሉ። ከእነዚህ የሚበልጠው የቱ ነው ብሎ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። አንዱን ይዞ እስከ መጨረሻው መጽናት ይገባል እንጂ፥ በምዕራፍ አንድ በቅንፍ፥ በምዕራፍ ሦስት በግርጌ ማስታወሻ እየጠቀሱ መሄድ ለአንባቢ ድካም፥ ለጸሐፊውም ነቀፋ ነው።

ደንቡ ከተገኘ በኋላ የንባብ መዝገብዎን ይክፈቱ፤ መዝገቡም የሚጻፈው መጽሐፉ በተነበበበት ቀን እንጂ ጽሑፉ ባለቀበት ቀን አይደለም። ለዚህ የሚረዱ ፕሮግራሞች አሉ፤ ዞቴሮ የሚባለው በአሜሪካ በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተዘጋጅቶ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ የሚገኝ ነው፤ በላቴክ ለሚጽፉ ደግሞ ቢብቴክ አለላቸው። ለመጽሔት ጽሑፍ የጸሐፊዎቹን ሙሉ ስም፣ ዓመቱን፣ የጽሑፉን አርእስት፣ የመጽሔቱን ስም፣ ቅጹን፣ ቁጥሩንና ገጾቹን ይመዝግቡ፤ ለመጽሐፍ አሳታሚውንና የታተመበትን ከተማ ይጨምሩ። ለምሳሌ በጽሑፉ ውስጥ «(ራይንሃርትና ሮጎፍ 2010)» ተብሎ በአጭሩ የተጠቀሰው፥ በመጨረሻው የዋቢ ዝርዝር ውስጥ «ራይንሃርት፥ ካርመን ኤም.፥ እና ኬኔት ኤስ. ሮጎፍ። 2010። ‹ዕድገት በዕዳ ዘመን›። አሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው 100 (2)፦ 573–578።» ተብሎ በሙሉ ይገለጣል። የመጀመሪያው ጸሐፊ ስም ብቻ ተገልብጦ፥ የሁለተኛው እንደ ተፈጥሮው መቀመጡን ልብ ይበሉ፤ የሚገለበጠው ዝርዝሩ በፊደል ተራ እንዲሰለፍ ነውና፥ ለተራው የሚያስፈልገው የፊተኛው ስም ብቻ ነው። የጸሐፊዎችንም ቅደም ተከተል እንደ ገዛ ፈቃድዎ አይለውጡ፤ በኢኮኖሚክስ ዘንድ አብረው የሚጽፉ ሰዎች በአብዛኛው በፊደል ተራ ስለሚሰለፉ፥ በሌላ የሳይንስ ዘርፍ እንደሚደረገው የፊተኛው ከኋለኛው የበለጠ ደከመ ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ ግን የእኛ ስም ትልቅ ጣጣ ያመጣል። ፕሮግራሙ ሁለት ሣጥን ከፍቶ «የቤተሰብ ስም» እና «የራስ ስም» እያለ ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ከራሳችን ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባታችን ስም ነው። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለውን፥ ደራሲው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ካረፈ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመውን መጽሐፍ ለመጥቀስ የሚሻ ሰው ሣጥኖቹን በየዋህነት ቢሞላ፥ የሚያገኘው «ባይከዳኝ፥ ገ. ሕ.» የሚል ነው። በዚህም ሁለት በደል ይደረጋል፤ ልጁ በአባቱ ስም ይጠራል፥ ገብረ ሕይወት የሚለውም አንድ ስም ለሁለት ይሰነጠቃል። «ገብረ» የሚለው በግዕዝ ተናባቢ ቃል ነውና፥ ብቻውን ሲቀር አገልጋይነቱ የማን እንደ ሆነ ሳይነገር የተቆረጠ ስም ይሆናል፤ «ወልደ»ም «ኃይለ»ም እንዲሁ ናቸው።

በኢትዮጵያ ጥናት ሊቃውንት ዘንድ፥ ለምሳሌ ኢንሳይክሎፒዲያ ኤትዮፒካ በተባለው መዝገበ ጥበብ፥ ኢትዮጵያዊ በራሱ ስም ይሰለፋል። የውጭ አገር የኢኮኖሚክስ መጽሔቶች ግን ብዙ ጊዜ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዱታል፤ ስለዚህ የኢኮኖሚክስ ሊቁ እሸቱ ጮሌ በአንዱ ዝርዝር ውስጥ በእሸቱ ተራ፥ በሌላው ውስጥ በጮሌ ተራ ሊገኙ ይችላሉ፤ ያላወቀ አንባቢም ሁለት የተለያዩ ሊቃውንት እንዳሉ ያስባል። እንግዲህ የኔ ምክር ይህ ነው፦ የመጽሔቱ ደንብ ግልጥ ትእዛዝ ካለው ትእዛዙን ይፈጽሙ፤ ዝም ካለ ግን ሰውየውን በስሙ ይጥሩት። በዞቴሮ ሁለቱን ሣጥን ወደ አንድ የሚያጥፍ ምልክት አለ፤ ሙሉውን ስም በዚያ ውስጥ ይጻፉት። በቢብቴክ ስሙን በድርብ ጠምዛዛ ቅንፍ ቢያጥሩት ሳይሰነጠቅ ይቀራል። ሰውየው በላቲን ፊደል ስሙን በተለያየ ጊዜ በተለያየ ሆሄ ጽፎ ከሆነ፥ በእያንዳንዱ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ያለውን እንዳለ ይውሰዱ፤ ነገር ግን አንዱን አጻጻፍ ዋና አድርገው ሌላውን ወደዚያ ይምሩት።

ስለ ዘመን አቈጣጠር በመግቢያው ጀምሬዋለሁ። ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ የአውሮፓውያን ዓመት እስከሚያልቅበት፥ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ድረስ፥ በእኛ ዓመት ላይ ሰባት፥ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ይጨመራል፤ ይህንንም ባሕረ ሐሳብ ያልተማረ ሁሉ ያውቀዋል። የሚስተው ሌላው ነው፤ የታተመበት ወር ያልታወቀ የ1916 ዓ.ም. መጽሐፍ በአውሮፓውያን 1923 ወይም 1924 ሊሆን ስለሚችል፥ «1916 ዓ.ም. (1923/24)» ብሎ ሁለቱን መጻፍ እንጂ በግምት አንዱን መምረጥ አይገባም። በጀት ዓመትም ሌላ ወጥመድ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለ ሆነ፥ «2016 በጀት ዓመት» የሚባለው የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ሲሆን በአውሮፓውያን 2023/24 ነው። «2024» ብሎ ብቻ የጻፈ ሰው የዓመቱን እኩሌታ ጥሎታል።

የመረጃ ምንጭም እንደ መጽሐፍ በዋቢ ዝርዝር ውስጥ ይግባ። ብዙዎች ለአንድ ትንሽ ሐሳብ አሥር ጸሐፊ እየጠሩ፥ ጽሑፋቸው በሙሉ የተመሠረተበትን የቤተሰብ ጥናት ግን «ምንጭ፦ ስታቲስቲክስ» ብለው ያልፉታል። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ከዓለም ባንክ ጋራ ያካሄደውን የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት የሚጠቀም ሰው፥ የየትኛው ዙር እንደ ሆነ (የ2011/12 እ.ኤ.አ. ነውን፥ የ2015/16 ነውን፥ ወይስ የ2018/19?)፣ የፋይሉ እትም ስንተኛ እንደ ሆነና መቼ እንዳወረደው መጻፍ አለበት፤ የመረጃ ፋይል እየታረመ እንደ ገና ሊወጣ ስለሚችል፥ ዛሬ ያወረዱት የዛሬ ዓመት ላይገኝ ይችላልና። በሌላ ሰው ጽሑፍ ውስጥ ተጠቅሶ ያገኙትንም፥ ዋናውን እንዳነበቡ አስመስለው አይጥቀሱት።

የአገራችን የትርጓሜ ሊቃውንት የመጽሐፍ ቃል አምጥተው «እንዲል» ብለው ያልፋሉ፤ ገጽ አይጠቅሱም። ይህም የሚበቃው ደቀ መዝሙሩ መጽሐፉን በቃሉ ስለሚያውቀው ነበር። የእርስዎን ዋቢ ግን በቃሉ የያዘ ማንም የለምና፥ የሌላውን ሰው ቃል ወይም ቁጥር ሲወስዱ ገጹን ይጻፉ።

ወደ ሠንጠረዥ እንለፍ። ሠንጠረዥ ለኢትዮጵያ ጽሕፈት እንግዳ አይደለም፤ በዐድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም በሚገኙት ጥንታውያን ወንጌሎች መጀመሪያ ላይ፥ በዓምድና በቅስት የተጌጡ የአውሳብዮስ ዘቂሳርያ ዐሥሩ ቀኖናት ይገኛሉ፤ በእነርሱም አራቱ ወንጌላውያን በአንድነት የተናገሩት፣ ሦስቱ የተናገሩት፣ ሁለቱ የተናገሩት፣ አንዱም ብቻውን የተናገረው በቁጥር ጎን ለጎን ተሰልፎ ይታያል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን ቅስቱ ወይም ቀለሙ አይደለም፤ አውሳብዮስ ለቀርጲያኖስ የጻፈው፥ ሠንጠረዡ እንዴት እንደሚነበብ የሚያስረዳው መልእክት ከቀኖናቱ ፊት መቀመጡ ነው። አውሳብዮስ ሠንጠረዥ ያለ ማብራሪያ የቁጥር ክምር መሆኑን ያውቅ ነበር።

የእርስዎም ሠንጠረዥ፥ ከጽሑፉ ተቀድዶ መንገድ ላይ ቢወድቅ ያገኘው ሰው ሊረዳው የሚችል ይሁን። ከላይ ቁጥሩንና አርእስቱን ያስቀምጡ፤ አርእስቱም «የሪግሬሽን ውጤት» የሚል ባዶ ቃል አይሁን፤ «ከገበያ ያለው ርቀት በገበሬው የጤፍ መሸጫ ዋጋ ላይ ያለው ውጤት» ቢባል አንባቢው ወዲያው ይገባዋል። ከአርእስቱ ሥር የሚገመተውን ነገርና መለኪያውን ይጻፉ፦ ብር በኩንታል ነውን፥ ወይስ የዋጋው ሎጋሪዝም? ዓምዶቹን በቅንፍ ባለ ቁጥር ከአንድ ጀምረው ይቍጠሩ፤ በሐተታው ውስጥ «በዓምድ 3 እንደሚታየው» ለማለት ይመቻልና። ረድፎቹን በሰው ቋንቋ ይሰይሟቸው፤ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ለራስዎ ያወጡት አጭር ምሕጻረ ቃል ለአንባቢው እንደ አስማት ነው። ከእያንዳንዱ ግምት ሥር መደበኛ ስሕተቱን በቅንፍ ያኑሩ። በመጨረሻዎቹ ረድፎች የቤተሰቦቹ ቁጥር፣ አር-ስኩዌርድና የወረዳ ቋሚ ውጤት መግባት አለመግባቱ ይግለጥ።

ብዙ አኀዝ መደርደር ትክክለኛነት የሚመስላቸው አሉ። ኮምፒዩተሩ 0.0834719 ቢሰጥዎ፥ መደበኛ ስሕተቱም 0.021 ቢሆን፥ ከሦስተኛው አኀዝ በኋላ ያለው ሁሉ ትርጕም የሌለው ነው፤ 0.083 ብለው ይለፉት። የነጥቦቹን ቦታ በአንድ መስመር ያሰልፉ። ቁልቁል የሚወርዱ መስመሮችን ያስወግዱ፤ ከላይ፣ ከዓምድ አርእስት ሥርና ከታች ሦስት አግድም መስመር ይበቃል። ዜሮና ያልተገኘ መረጃም አንድ አይደሉም፤ ዜሮውን 0 ብለው፥ ያልተገኘውን በሰረዝ ያመልክቱ እንጂ ባዶ አይተዉት። (የግዕዝ ቁጥራችን ውብ ቢሆንም ዜሮ የለውም፥ የአኀዝ ቦታም አይጠብቅምና፥ በሠንጠረዥ ዓምድ ውስጥ አሐዱንና ዐሥሩን አሰልፎ ለማስነበብ አይመችም፤ ለምዕራፍ ቁጥርና ለመቅድም ገጽ ግን ማን ይከለክለዋል?)

ኮከብ የመደርደርን ነገር በተመለከተ፥ በየግምቱ ጎን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ኮከብ ማድረግ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የተለመደ ነው፤ የአሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው የአዘገጃጀት ደንብ ግን ኮከብ እንዳይደረግና መደበኛ ስሕተቱ ብቻ በቅንፍ እንዲገለጥ ያዝዛል። ትእዛዙ ለእኔ የተወደደ ነው፤ ኮከብ የሚፈልግ ዓይን የቁጥሩን መጠን ሳያይ ያልፋልና። መጽሔትዎ ከፈቀደና ካደረጉም፥ እያንዳንዱ ኮከብ ምን እንደሚያመለክት በማስታወሻው ይንገሩ።

ማስታወሻው በሠንጠረዡ ግርጌ የሚጻፍ ሲሆን፥ ከሁሉ ይልቅ ሊደከምበት የሚገባ ክፍል ነው። ናሙናው እነማንን እንደያዘና እነማን እንደ ተተዉ፣ መደበኛ ስሕተቱ በቀበሌ ተሰብስቦ እንደ ሆነ፣ የመረጃው ምንጭና ዘመን ምን እንደ ሆነ ይናገር። መለኪያንም ይግለጥ፦ ኩንታል 100 ኪሎ፥ የቡና ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው ብሎ መጻፍ ለእኛ ትርፍ ቢመስል ለናይሮቢ ወይም ለሮም አንባቢ የግድ ነው፤ ጥማድ ግን ከአገር አገር ስለሚለያይ፥ በጥናቱ ቦታ ስንት ሄክታር ሆኖ እንደ ተሰላ ካልተነገረ ለአገር ሰውም አይገባም። ብር ወደ ዶላር ከተለወጠ በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደ ሆነ ይጻፍ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ «በወቅቱ ምንዛሪ» የሚለው አነጋገር ምንም የማይነግር ሆኗል። ዋጋው በቋሚ ዋጋ ከሆነም የየትኛው ዓመት እንደ ሆነ፥ 2003 ዓ.ም. ነው ወይስ 2008፥ ይታወቅ።

ቁጥሮቹን በእጅ እየገለበጡ ወደ ሠንጠረዥ አይጻፉ፤ ፕሮግራሙ ራሱ ከጥሬው መረጃ ጀምሮ ሠንጠረዡን እንዲያወጣ ያድርጉ። በእጅ የሚሠራ ስሌት የሚያመጣውን ጣጣ ለማየት፥ ከላይ በምሳሌነት የጠራኋቸው ራይንሃርትና ሮጎፍ፥ የመንግሥት ዕዳቸው ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አገሮች አማካይ ዕድገታቸው ከዜሮ በታች 0.1 በመቶ እንደ ሆነ ጽፈው ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሥራ ፋይሉን አግኝተው ሲመረምሩት፥ የኤክሴሉ የአማካይ ስሌት አምስት ረድፍ ዘልሎ አውስትራሊያን፣ ኦስትሪያን፣ ቤልጅግን፣ ካናዳንና ዴንማርክን ትቶ ተገኘ። ይህ ስሕተት፥ አንዳንድ ዓመታት ከመተዋቸውና አገሮቹ ከተመዘኑበት መንገድ ጋራ ተደምሮ ሲታረም፥ አማካዩ 2.2 በመቶ ሆነ። ከልዩነቱ የሚበዛው የመጣው ከተተዉት ዓመታትና ከአመዛዘኑ እንጂ ከተዘለሉት ረድፎች አይደለም፤ ዓለም ያስታወሰው ግን የተዘለሉትን ረድፎች ነው።

ግራፍን በአጭሩ ልናገር፤ ለግራፍ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ አብዛኛው ከሠንጠረዡ ጋራ አንድ ነውና። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር በ1786 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የንግድና የፖለቲካ አትላስ ውስጥ የንግድን ነገር በጊዜ መስመር እየሣለ ሲያሳይ፥ ለስኮትላንድ ግን የብዙ ዓመት መረጃ ስላልነበረው የአንድ ዓመት ንግዷን ከ17 አገሮች ጋራ በአሞሌ ሣለው፤ የአሞሌ ግራፍ የተወለደው እንዲህ በችግር ነው። የዛሬ ጸሐፊም የሥዕሉን ዓይነት ከመረጃው ባሕርይ ይምረጥ፦ በዘመን የሚሄድ ነገር በመስመር፥ በአንድ ጊዜ የሚነጻጸር በአሞሌ። ክቡን ግራፍ፥ እርሱንም በ1801 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ፕሌይፌር ነው፥ ባይጠቀሙበት እመርጣለሁ፤ ዓይን ማእዘንን እንደ ርዝመት አስተካክሎ አይለካምና።

አሞሌ ከዜሮ ይጀምር፤ ቋሚው ዘንግ ከ90 ከጀመረ የ95ና የ100 ልዩነት እጥፍ ይመስላል። የመስመር ግራፍ ግን ከዜሮ መጀመር አይገደድም፤ ዘንጉ ከየት እንደ ጀመረ በግልጥ ይታይ እንጂ። በግራና በቀኝ ሁለት ቋሚ ዘንግ መትከልን ይሽሹ፤ የዘንጎቹን መጠን በመለዋወጥ ብቻ የማይገናኙ ነገሮች ሁሉ አብረው የሚሄዱ ይመስላሉ። መረጃ ያልተሰበሰበባቸውን ወራት መስመሩ ተቋርጦ ያሳይ እንጂ በቀጥታ አያያይዛቸው። ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችሉ ሰዎች አሉ፥ ብዙ አንባቢም በጥቁርና በነጭ ያትማል፤ ስለዚህ መስመሮቹን በቀለም ብቻ ሳይሆን በነጥብና በሰረዝ ይለዩ፤ ስማቸውንም በተቻለ መጠን በመስመሩ ጫፍ ላይ ይጻፉ። ግራፉን ሲያስቀምጡ በፒ.ዲ.ኤፍ. ወይም በኢ.ፒ.ኤስ. ይሁን፤ ጄፔግ ሲጎላ ፊደሉ ይደበዝዛል። በአሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው የሠንጠረዥ አርእስት ከላይ፥ የግራፍ አርእስት ከታች ነው፤ የእርስዎን ደንብ ይመልከቱ።

ሁሉ ካለቀ በኋላ ጽሑፉን በወረቀት አትመው፥ እርሳስ ይዘው ይቀመጡ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠራ እያንዳንዱ ጸሐፊ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን፥ በዝርዝሩ ውስጥ ያለውም በጽሑፉ ውስጥ መጠራቱን ያመሳክሩ። በሐተታው ውስጥ የጻፉት እያንዳንዱ ቁጥር ከሠንጠረዡ ቁጥር ጋራ አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሠንጠረዡ ከታረመ በኋላ ሐተታው ሳይታረም የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነውና። በሐተታው ያልተጠቀሰ ሠንጠረዥ ካለ ያውጡት፥ ወይም ወደ አባሪ ይውሰዱት።

በመጨረሻም ሠንጠረዦቹንና ግራፎቹን ብቻ ከጽሑፉ ለይተው፥ ጥናቱን ላላነበበ ወዳጅ ይስጡና ያየውን እንዲነግርዎ ይለምኑት። «ይህ በየትኛው አቈጣጠር ነው?» ወይም «ይህ ኪሎ ነው፥ ኩንታል?» ብሎ በጠየቀበት ስፍራ ሁሉ እርሳስዎን ያኑሩ፤ መልሱን በአፍዎ ሳይነግሩት በሠንጠረዡ ግርጌ ይጻፉትና መልሰው ይስጡት።